የአንጓች ጫማ

ከራስ መኰንን ድልድይ፣ ሽቅብ ሲወጡ በእግር፣
ከወርቅ ቤቶቹ ጓሮ፣ ከፎቶ ቤቱ ሥር፣
«ጽሕፈት በጥራት» የሚል አንድ ሰሌዳ አለ፣
ግማሹን ዝናብ አጥቦት፣ ግማሹ በምስማር የተንጠለጠለ።
እዚያ ነው የምውለው፣
የሰውን ሐሳብ በገጽ ሰባት ብር የምለቅመው።

ውል፣ ውክልና፣ የክስ ማመልከቻ፣
የሙት ዓመት መጥሪያ፤ ሥራዬ ይኼ ነበር፣ ይኼው ብቻ፣
ጋሽ ልሳነወርቅ አንድ የሰኔ ጠዋት፣
ኮቱ ውኃ ሲያንጠባጥብ፣ ያቺን ጥራዙን ግን ጠብታ ሳትነካት፣
በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ እስኪያመጣት።
«አደራ! ጠንካራ ሴት ናት ውስጡ ያለችው፤ እንደ ሌላው አይምሰልሽ፤
አንቺንም ሳታበረታሽ አትቀርም፣ ልብ ብለሽ ካነበብሽ።»

ስሟ አንጓች ነው።
ገጽ አምስት ላይ ሽፍታ ማረከች፣
ገጽ ሃያ ላይ ዳኛ አፋጠጠች፣
ገጽ አርባ ላይ ባሏን ቀበረች፤
«ዓይኗ እንደ ብረት ደረቀ» ይላል፤ ቀብራም መንገድ ጀመረች።
ብረት የሚለውን ቃል ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት ጊዜ፤
ብረት ልብ፣ ብረት ክንድ፣ ሌላው ቀርቶ ብረት ትካዜ።
«ብ»ን ስመታ ስመታ
ጣቴ ዛለ፤ እሷ ግን አታውቅም ፋታ።

ገጽ ስልሳ ላይ፣ ከተማ ስትገባ፣
ባለ ተረከዝ ጫማ ገዛላት፤ ቀይ፣ እንደ ጽጌረዳ አበባ፤
ገዝቶላት ረሳው።
ከለገሃር እስከ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ፣
ክስ አሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲያስሮጣት ውሎ፣
ሲያሳድራት በችሎት ደጅ፣ ሲያስወጣት ያንን ሁሉ ደረጃ፣
አንድ ቀን እንኳ አልዘረጋላትም፣ ወይ ሰሌን ወይ ስጋጃ።
መቶ ሃምሳ ገጽ ሙሉ
ያ ጫማ ከእግሯ አልወለቀም፤ ያዩ ሁሉ «ጀግና ናት» አሉ።

እኔ የተረከዝን ነገር አውቃለሁ፤
ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜአለሁ።
ስለዚህ ገጽ ሁለት መቶ አሥር ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ለምሳ፣
አንዲት ነገር ሾለከች ከጣቴ፣ አቧራ እንኳ ሳታስነሳ፦
«አንጓች ከጊዮርጊስ አጥር ሥር ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች።
ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ‹እፎይ› አለች።»
ይኸው ነው። ሌላ አልነካሁም።

ጋሽ ልሳነወርቅ በሳምንቱ መጣ፤ መነጽሩን ሰካ፣
ገጽ በገጽ ተሻገረ፣ እያጉረመረመ፣ ምንም ሳይነካ፣
እዚያች ላይ ሲደርስ ቆመ።
ደገመ። ሠለሰ። ከንፈሩን ገጠመ።
«ይቺን እኔ ነኝ የጻፍኳት?»
«የእጅ ጽሑፍዎ አይነበብም ጋሼ፤ መስሎኝ ነው የለቀምኳት።»
ወደ ጠረጴዛዬ ሥር አየ፤
ባዶ እግሬን አየ፤ ከጎኑ የወለቀ ጫማዬን አየ።
ሊስቅ ነው ብዬ ነበር።
እስክሪብቶ አወጣና ሰረዛት፤ በቀስታ፣ በማስመሪያ፤
«ጀግና እንዲህ አይደክማትም» አለኝ፤ «ይሄ ለአንባቢ መሳቂያ።»

አጠፋኋት። የሰው መጽሐፍ ነው፤ ሒሳቤን ተቀበልኩ፤
የሁለት መቶ አሥርን ግን ሰባት ብር መለስኩ።

አሁን ብሔራዊ ፊት ለፊት፣ በአዟሪዎቹ ክንድ ላይ፣
አንጓች ሽፋኑ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗን ተክላ ወደ ሰማይ፤
ጫማው አሁንም እግሯ ላይ።

እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ፣ ከውክልናና ከውል መሀል፣
«አንጓች ሁለት» የሚል አንድ ሰነድ ተቀምጧል።
ማታ ማታ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ሁለት መስመር እጨምራለሁ።
ዶሮ ማነቂያ ቤት ተከራይታለች።
ከአከራይዋ ጋር በቆጣሪ ተጣልታ፣ በሦስተኛው ቀን ታርቃለች።
ጥላዋ አውቶቡስ ላይ ቀርቶባታል።
ክሱን አልተወችም፤ ሰኞ ሰኞ በሸራ ጫማ ትሄዳለች፤
ዳኛው ሲያፈጥባት ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤
እየተንቀጠቀጠም እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

ትናንት አለቀሰች።
ለምን እንደሆነ ገና አልነገረችኝም።
እየጠበቅኳት ነው።