ደረሰኝ የሌለው ቃል

ኮዬ ፈጬ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ፣
አስፋልቱ ደክሞት ከቆመበት፣
ብሎክ ሰማንያ ሁለት ሥር ነው የኔ ቤት፤
ማስታወቂያው «መድኃኒት ቤ» ይላል፣
ነፋስ ወስዶበት የኋላዋን «ት»።

ግድግዳዬ ላይ ሦስት ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል።
ሁለቱ ፈቃድ ነው፤ ሦስተኛው መመሪያ፣ እንዲህ ይላል፦
«መድኃኒት የሚያድል ባለሙያ
አወሳሰዱን፣ ጉዳቱን፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ
ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል።»

ያስረዳል።
«ያስረዳ» ብሎ አያዝም፣ «ቢያስረዳ» ብሎ አይለምንም፤
ጀምበር ትወጣለች፣ ክረምት ይገባል እንደሚባለው
የማይቀር ነገር አድርጎ ነው የጻፈው።
በሕግ አገር ማንም ዝም ብሎ አያውቅም።

ተቆጣጣሪዋ በዓመት አንዴ ስትመጣ
የፍሪጁን ሙቀት ታያለች፣
መደርደሪያውን በጣቷ ዳብሳ አቧራውን ታሳየኛለች።
ምን እንደተናገርኩ ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤
ቃል ካርቶን ውስጥ አይገባ፣ በቆጠራ አይወጣ።

ያን ምሽት፣ ሁዳዴ ገብቶ ሁለተኛ ሳምንቱ፣ መብራት የለም።
ጄኔሬተሩ ደጃፌ ላይ ያጓራል፣
ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ ድንች ሻጮቹ ጋ ደርሷል።
ውዴነሽ መጣች። እጇ ላይ የደረቀ ኖራ፣
ቀን ሙሉ የሰው ቤት ስትለስን ውላ።
የልብ በሯ ብረት ነው። ጸጥ ብሎ ለቆመ ሰው ይሰማል፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
የግድግዳ ሰዓት የዋጠች ይመስላል።

ያን ምሽት አልተሰማኝም።
የወሩን፣ ደም የሚያቀጥነውን ሰጠኋት።
«ወገቤንም ቆርጦኛል፣ አንድ ነገር ፈልግልኝ» አለች።
ፈለግሁላት።
ሁለቱን በአንድ ፌስታል፣ እንደ ሽንኩርትና ቲማቲም።
«እንደ በፊቱ ነው» አልኩ፣ የኋላዋን ሰው እያየሁ።
ሦስት ቃል። ሦስቱም ለሰልፉ።

በዘጠነኛው ቀን ከሆዷ የወጣው ሬንጅ ይመስል ነበር።
በአሥረኛው መወጣጫው ሥር ወደቀች።
የአራት ሰው ደም ገባላት፤ አራቱንም አላውቃቸውም።

ወንድሟ አዱኛ ሁለቱን ፓኬት አመጣና
ባንኮኒዬ ላይ ፊት ለፊት አቆማቸው፣
እንደ ከሳሽና ተከሳሽ።
«ነግረሃታል?»
ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ሕጉም ሌላ የለው።

ከከተማ ሦስት ሰው ተሰየመ።
ከስታ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አጣፍታ ገባች።
ቤቱ ዝም አለ።
ቀጭ፣ ቀጭ፣
ጸሐፊው ቀና ብሎ ግድግዳውን ቃኘ፣ ሰዓት ፍለጋ።
«ነግሮኛል» አለች። «እኔ ነኝ የረሳሁ።»
ሳታየኝ ነው ያለችው።
ጻፉት። ፈረመች። እኔም ፈረምኩ፣
በማላውቀው ለስላሳ እጅ ጽሑፍ።

አልነገርኳትም።
ይኸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ስናገር።

ውጭ፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ «ለምን?» አልኳት።
«አንተን ቢያሽጉህ ቅርቡ ቱሉ ዲምቱ ነው፤
በዚህ ልብ ቱሉ ዲምቱ በእግር አይኬድም።»
ምሕረት መስሎኝ ነበር።
ስሌት ነው፤ ከፍዬ የማልጨርሰው።

አሁን ሰልፉ ያጉረመርማል፤
«ስብከቱን ትተህ ስጠን እንጂ ሰውዬ!»
አልተውም።
ሌላ ምን ትወስዳለህ? ቤትሽ ያለው ምንድነው? ጠላ ትጠጫለሽ?
በጾም ጎመን አይብዛ፣ ደሙን መልሶ ያወፍረዋል፣
አይ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ይሄ አይሆንም፣ ቆይ፣ ቆይ፣
ድምፄ ማታ ማታ የሽማግሌ ነው።

እሷ ስትመጣ ጄኔሬተሩን አጠፋለሁ።
ጨለማው ውስጥ ሁላችን ቆመን፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣
«ለወገብ የሚሸጥ ነገር…» ብዬ ስጀምር፣
«…አንተን ሳልጠይቅ አልውጥም» ትለኛለች።
ከኋላ አንዱ፣
«ይሄ ሰዓት የማነው?» ይላል።