የውሃ ልክ

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጉማሬው ከሣር ሲመለስ፣
ጭጋጉ ከወደቡ ላይ እንደ አሮጌ ካብ ሲፈርስ፣
ደብተሬን በብብቴ ይዤ ደረጃውን እወርዳለሁ፤
ውሃው የነካው ቁጥር ላይ ዓይኔን እተክላለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው፦
ጣና ዛሬ ስንት ሆነ? ብሎ ጽፎ መሄድ ነው።

ክረምት ያብጣል፣ ይወጣል፤ በጋ ይከሳል፣ ይወርዳል፤
የብረቱ ዘንግ ግን ቆሞ ሁሉን በዝምታ ያያል።
አለቃዬ ይደውላል፦ «ልኩ እንዴት ነው?» ይለኛል።
«ልክ ነው» እላለሁ። ይህች ቃል ለሁለታችን ትበቃናለች፤
ስንት ማለዳ እንዲህ ብላ በሰላም አሳድራናለች።

አያ ይማም ታንኳ ሠሪው፣ ደንገል በጥፍሩ የሚያውቅ፣
እርጥቡን ከደረቅ ለይቶ በመዳፉ የሚጠይቅ፣
አንድ ማለዳ ከጎኔ ደረጃው ላይ ሊቀመጥ መጣ፤
ቁጥሬን ባነብለት ጊዜ መፋቂያውን ካፉ አወጣ።
«አንቺ ልጅ፣ አናቱን ለክተሽ ቁመቱን ታወሪያለሽ?
ባርኔጣውን እያየሽ እግሩን በምን ታውቂያለሽ?
በጎልማስነቴ ከጉማራ መግቢያ ዘንድ፣ ከአፉ ላይ፣
ሁለት ዘንግ ቀጥዬ ብሰድ መሬት የሚባል ነገር ላላይ፤
ዛሬ ያው ዘንግ
ግማሹ ሳይርስ ጭቃ ይነካል።
ውሃው አልሄደም፣ ልጄ፤
ወለሉ ነው ወደኛ የመጣ።»

አላመንኩትም።
ሌሊት ተነሥተን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስን፤
ታንኳው ከሥሬ ይተነፍሳል፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል።
ዘንጉን ሰደደ። ቆመ።
ሲያወጣው ጫፉ ቀይ፣ የለሰለሰ፣ የጠገበ አፈር።
የማን ይሆን? የጉና ጥግ የማን ገብስ ሳይበቅል ቀርቶ
እርሻው እዚህ ተኛ?
ያኔ ገባኝ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ደለል ደለለኝ፤
ከታች እየሞላ ከላይ «አልጎደልኩም» አለኝ።

«ድሮስ?» አልኩት።
«ድሮማ ደንገሉ ነበረ ዘበኛው፤
ጎርፉን እንደ ወንፊት ነፍቶ አፈሩን ዳር የሚያስተኛው።
አምባዛ በሥሩ ይደበቅ፣ ቆሮሶ ልጁን ያሳድግ፤
ሻላው ሳይቀር ጥጋበኛ፣ ዓሣ የሚያማርጥ በወግ።
ከደጃፌ አጭጄ ከሰዓት ታንኳ እጨርስ ነበር፤
ዛሬ ለአንድ ታንኳ ደንገል ሁለት ቀን መቅዘፍ፣ መሻገር።
ቆረጥነው። እኔም ቆርጫለሁ፤ ማንንም አላማም።
ጎመን ተከልን። ጫት ተከልን።
ሎጅ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበልኩት በዚህ እጄ ነው።
ዘበኛው በሌለበት በር
እምቦጭ ገባ፤ አበባው ያምራል፣ ክፋቱ እሱ ነው።»

ዝናቡንም እኔ ልናገር፣ ደብተሬ ይመሰክራል፦
ሐምሌን ዘልሎ፣ ጠፍቶ፣ ጠፍቶ፣
አንድ ሌሊት መጥቶ የወሩን ያወርዳል።
እንዲህ ያለውን ውሃ
ሥር ያልያዘው አፈር እንዴት አድርጎ ይከለክላል?

ልጁ ዘምዘም ግን
ከቤቷ በታች፣ አርባ እርምጃ በማይሞላ ዳር፣
ከደሴት የመጣ የደንገል ሥር ጭቃ ውስጥ ቀብራለች።
ጎረቤት ሳቀባት። ከብት ሁለቴ በላባት።
ሦስተኛው ክረምት ላይ ጠርታኝ እጄን ያዘችና
ከደንገሉ ወዲህ ከጎርፉ ነከረችው፤ ጣቴ ጠፋ።
ከደንገሉ ወዲያ ነከረችው፤
የመዳፌ መስመር ታየኝ፣
ከመስመሩም በታች ጥፍር የምታህል የዓሣ ጫጩት
ጣቴን ሸተት አርጋ አለፈች።

ዛሬ ንጋት አለቃዬ ደወለ።
«ልኩ እንዴት ነው?»
«የውሃው? ወይስ የኛ?»
ዝም አለ። «ቁጥሩን ብቻ» አለኝ። ቁጥሩን ነገርኩት።
ከጎኑ ግን ሌላ ዓምድ አሥምሬያለሁ፤
አናቱ ላይ «ወለል» ብዬ ጽፌ።
የምሞላው የአያ ይማምን ዘንግ ተውሼ ነው።

እግሬ ሥር አንድ እስር ደንገል አለ፣ ዘምዘም የሰጠችኝ፤
ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።
የት እንደምተክለው ገና አላወቅሁም፤
ወደቡ፣ እስካየሁት ድረስ፣ ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው።