ውይይት

ድሮ አንድ ታክሲ ነበር፥ ስሙ ውይይት፥
ከካዛንቺስ አራት ኪሎ የሚወጣ በዳገት፤
ሁለት አግዳሚ፥ ፊት ለፊት፥
ጉልበት ከጉልበት።
ዓይን የሚጣልበት ከሰው ፊት በቀር
ሌላ ቦታ አልነበር።
ቄስ ኦቻላ አማርኛ የጀመረው እዚያ ነበር።

ከባሮ ዳር የመጣ ረጅም ሰው፤
(አንተ በለኝ ብሎኛል)
ጥምጣም የለው፥ የእጅ መስቀል የለው፥
አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ብቻ፥ እንደ ቁስል ፋሻ።
"አባ፥ የየት አገር ሰው ነዎት?"
"የእናንተው።"
"ሃይማኖትዎስ?"
"አንግሊካን።"
ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፦
"እንዲህ የሚባል ፌርማታ የለንም!"
ታክሲው ሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማዳመጫ ደፍቼ፥
እሱ "ዲያሎግ" ሲል እኔ "ውይይት" ስል፥
ያ አሮጌ ታክሲ በአዳራሹ መሐል
ጭሱን እያቦነነ ያልፍብኝ ነበር።

ጄኔቭ ሄደ፥ ጁባ ሄደ፥ ናይሮቢ ሰነበተ፤
የሆቴል ሳሙና በሻንጣው ተከማቸ።
መግለጫ ጻፈ። ጦርነት መግለጫ አያነብም።
አንድ ሌሊት፥ "እና" ይሁን "ወይም" ሲባል ነጋ፤
ሲነጋ መንደሩ ተቃጥሎ ነበር።
እስክሪብቶውን ከደነና ወጣ።

ያቺን የሐምሌ ከሰዓት ግን!
መሪጌታ ልሳነወርቅና ሸህ ሙዘይን፥
የአንድ ከተማ ሰዎች፥
በመቃብር አጥር ሦስት ዓመት የተኳረፉ፥
ሁለቱም አማርኛ እያወቁ
ለእኔ ይናገራሉ፥ እኔ ለግድግዳው።
ቄስ ኦቻላ ተነሣ፦ "እራት አራት ኪሎ ነው።"
የድርጅቱን መኪና መለሰ፤ ውይይት አስቆመ።

ዝናብ። ሸራው ያፈሳል። ጉልበት ከጉልበት።
ግንፍሌ ድልድይ ላይ ሞተሩ ጸጥ።
"አባቶቼ፥ ወርዶ መግፋት ነው!"
ገፉ።
ጥምጣም ከጥምጣም እኩል በሰበሰ፤
ጭቃው የማንን ቀሚስ እንደያዘ አልለየም።
ሸሁን ሲያዳልጣቸው መሪጌታው ክንዳቸውን ያዙ፥
ሳይለቁም፥
"አጥሩን ቀድሞ የነቀለውን ግን እናውቃለን" አሉ።
ሸሁም፥ "እናውቃለን" አሉ።
እኔ ዝም አልኩ፤ ሥራ አልነበረኝም።

አጥሩ ዛሬም አለ። ሰላም ወረደ ብዬ አልዋሽም።
በር ግን አበጁለት፥
ለቀብር ቀን የሚከፈት፥
ቁልፉ ሁለት።

ትናንት ሸኘነው። ጋሻ ሰጡት፥ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ።
ሳሙናዎቹን ለጽዳት ሠራተኞቹ አከፋፈለ።
ወጣን። ካዛንቺስ ፈርሷል፤ የምናውቀው ጥግ ሁሉ
አጥርና አቧራ ነው። ውይይትም ካለቀ ቆየ።
ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ስልኩን ያያል።
ሰባ ዓመቱ ነው፤ እጁን ወደ አፉ አድርጎ፥
በዚያ ሰባኪ ድምፁ፦
"አንግሊካን! አንግሊካን! አንድ ሰው የቀረው!"

አንዲት ልጅ ከስልኳ ቀና አለች።