ሰዓትህን አውልቅ

ከናሪን ከተማ የአራት ሰዓት መንገድ፣
ለካሚዮኑ ሞተር ለሰው ልብም ሲከብድ፣
ወጣን ወደ ደመና፣ ስድስት መኪና ሆነን፣
መቶ ዓመት ያለፈውን ስደት በካሜራ ልንደግም ብለን።

የኔ ሥራ ዕቃ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ቆሜ፣
ከሰልፈኛው አንጓ ላይ ዘመን ለቅሜ ለቅሜ፣
«ሰዓትህን አውልቅ!» «ያንን ቀለበት አምጪ!»
«የወርቅ ጥርስ ነው እንዴ? ስታለቅሺ አፍሽን አትክፈቺ!»
«ያንተ ቅድመ አያት የሸሸው በላስቲክ ቦት ጫማ ነው?»
እላለሁ። ይስቃሉ። ማታ ማታ የማድረው
አንድ ባልዲ ሙሉ ሰዓት ካልጋዬ ሥር እየቆጠረ ነው።

ሐምሌ ነው። ታሪኩ ውርጭ ይላል፤ ሰማዩ ግን አልሰማ።
የተፈጨ ወረቀት ጭነን መጣን ከከተማ፣
ገደሉን ነጭ ቀባን።
ላሞች መጥተው በሉት።
የላሞቹ ባለቤት
ካሳ ጠየቀና መሸ ስንማለድ በሽማግሌ ፊት።
ደግሞ በሳምንቱ የምሩ በረዶ ጣለ፤
ሳማት ጄኔሬተሩን በካፖርቱ ጠቅልሎ እንደ ልጅ አባበለ፣
ናፍጣው ረግቶበት፣ «ተነሽ፣ የኔ እመቤት፣ ተነሽ» እያለ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ያ የመብራት እንጨት፣
ከተራራው ማለፊያ አፋፍ ቀጥ ብሎ እንደ ቅጣት!
ካሜራውን ወደ ግራ ብንገፋው፣ ወደ ቀኝ ብናዞረው፣
ያልተጠራ እንግዳ ነው፣ ከሥዕሉ መሃል ነው።
የመብራት ኃይሉን ሹም «ለአንድ ቀን ይነቀል» ብለን ብንለምነው
ሻይ ቀድቶ ሳቀብን። ቱራት፣ ዳይሬክተሩ፣
(የአባቱን ቤት ሸጦ ነው ፊልሙን መጀመሩ)
በወጣ በገባ ቁጥር ድንጋይ ነው መወርወሩ።

ከዚያ ሣር ደረሰ። በአንድ ጠዋት ብቻ
ከሦስት መቶው ስደተኛ የሚበዛው፣ ማጭድ ይዞ፣ ቁልቁል ወጣ ለዘመቻ።
ሰባ ሰው ቀረልን። ስንቆጣ፣ ስንለማመጥ፣
አሳንቆጆ፣ የፈረሶቹ አለቃ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣
«የሞቱት ይቆያሉ» አለን፣ «ሣሩ ግን አይቆይም፤
የጥንቱ ስደት ለዘንድሮ ላም ድርቆሽ አይሆንም።»
ሰባውን በካሜራው ጀርባ እያዞርን፣ ቆብ እያለዋወጥን፣
አንዱን ጎልማሳ በቀን አራት ጊዜ አሰደድን።

ቡሩልሱን፣ ሰማንያን ያለፈች፣ ከሰባዎቹ አንዷ ናት።
ትዕዛዙ ቀላል ነው፦ ጥቅሉን ታቅፋ በረዶውን ትውጣበት፣
ከቋጥኙ ስትደርስ ትጣለው፤ ዞር ሳትል ትሂድበት።
የሠራሁት እኔ ነኝ፦ አሮጌ ፎጣ፣ ሁለት ኪሎ ሩዝ።
አልጣለችም።
እንደገና። አልጣለችም።
ዘጠኝ ጊዜ። ፀሐይ አሽቆለቆለች፣ ፈረሶቹ ሰለቹ።
«ኧረ ጨርቅ ነው፣ አፓ!» አለ ቱራት፣ ድምፁ ሰልሎ።
«ጨርቅ መሆኑን አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗ በረዶው ላይ ውሎ፤
«እናቴን የወለደችው ሴት በዚሁ ነው የተሻገረች፤
ስምንት ወልጃለሁ ትል ነበር፤
በጣቷ ስትቆጥር ግን ዘወትር ሰባት ላይ ዝም አለች።»

ማንም አልተነፈሰ።
ቱራት ካሜራውን ራሱ ተሸከመ። በእጁ «ሂጂ» አላት።
እሷም ጥቅሉን እንዳቀፈች፣ ቋጥኙን አልፋ፣
እኛን አልፋ፣ ካሚዮኖቹን አልፋ፣ የሻይ በርሜሉን አልፋ፣
ሄደች። ካሜራው ተከተላት። አንድ ወር ስንሸሸው በከረምነው
በመብራት እንጨቱ ሥር ስታልፍ፣ ሽቦው ከላይዋ እያፏጨ ነው፤
«ቁረጥ» ያለ የለም።

ማታ ባልዲውን ገለበጥኩት። ሁሉም ሰዓቱን ለይቶ
አሰረ፤ አንጓው ላይ የነጣው የቆዳ ቀለበት ተሸፍኖ ጠፍቶ።
እኔም መዝገቤን ከፈትኩ፦ ቆብ፣ ሰባ። ኮርቻ፣ አሥራ ሁለት።
ጅራፍ፣ ስድስት፤ አንዱ ተሰብሯል።
ጥቅል፣ አንድ፤ ወጪ ሆኗል።
«ተመላሽ» ከሚለው ሥር ስደርስ ብዕሬ ዋለለ፤
ሩዙን በማግሥቱ ቀቅላ አበላችን፤
ፎጣው ግን እሷው ዘንድ አለ።