መዛኙ

ገበያ ነው፤ ቡሬ፣ ከእህል ተራ መሃል
«መዛኝ ልየው» ብሎ ሰው ሁሉ ያውቀኛል።
የሚዛኑ መርፌ መቶ ላይ ረግቶ
እኔ ነኝ የዞርሁት፣ መሬቱ ተፈቶ፤
ጣራው ወደ ጎኔ፣ ኩንታሉ ወደ ላይ፣
ጆንያ አቅፌ ቀረሁ፣ ዘመድ ያገኘ መሳይ።

«ምች ነው» አለ አንዱ፤ አንዱ «ደም ግፊት ነው»፤
አትጠገብ ግን ዝም። ዝምታዋን ሳየው
ቦቃዋ ጊደሬ ያን ጊዜ አለቀላት፤
ማግስቱን የማላውቀው ሰው በገመድ ወሰዳት።

በሚኒባስ ሄድን። እንጅባራን፣ ዳንግላን
ያየሁት በፌስታል ነው፣ አጎንብሼ።
ባሕር ዳር ገባን።

«ኤም አር አይ ይነሣ» አሉ። ዋጋው ሲነገር
ጊደሬ እምቧ አለች፣ ከጆሮዬ ሥር።
«ብረት ካለህ አውልቅ» አለኝ አንድ ጎልማሳ፤
ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ መስቀሌም ሳይረሳ፤
ማተብ ብቻ ቀረኝ።
ዕድሜውን ከብረት ጋር ሲታገል የኖረ
ያለ ብረት ገብቶ ነጭ ጉድጓድ ተቀበረ።

ይጮሃል ጉድጓዱ፤ ወፍጮ ቤት ይመስላል፣
ዱቄት ግን የለውም። «አትንቀሳቀስ» ይላል።
ረጋሁ እንደ ድንጋይ።
ያን ጊዜ ነው የፈራሁ፦ ምን ይሆን የሚያይ?
ያችን ግማሽ ኪሎ፣ በጣቴ ደግፌ
ከመበለት ጆንያ የወሰድሁትን ዘርፌ?
የነጋዴው ጉርሻ፣ በኪሴ የገባው፣
ራሴ ውስጥ ጥላ ሆኖ ቆሞ ቢያየው?

ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለች፤
«ይኸውልህ አንጎልህ፣ ተመልከት» አለች።
ሸንተረር አለበት፣ ሸለቆ፣ ገደል፣
ጮቄ ከነምንጩ ጠቦ ያደረበት ይመስል።
«እጢ የለም፣ ደም የለም፤ ንጹሕ ነው» ስትለኝ
«ንጹሕ» የምትል ቃል እንዴት አመመችኝ!

ፎቶውን ወዲያ ትታ፣ አልጋ ላይ አስቀምጣ፣
ራሴን በእጆቿ ይዛ ወደ ቀኝ አዙራ
ድንገት አጋደመችኝ። ክፍሉ ዞረ። ዐይኔን አየችው።
«አገኘሁት!» አለች፤ «ከጆሮህ ውስጥ ነው፤
ጠጠር ናት፣ ደቃቅ፣ ከቦታዋ ወጥታ፣
ፎቶ አያነሣትም።» አዞረችኝ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ ለአፍታ፣
ዓለም ቆመ።

ጠጠር!
እኔ እኮ በእፍኜ ዘግኜ፣ በጥርሴ ፈትኜ
ከሰው እህል ጠጠር የማወጣ ሆኜ፣
ከሰናፍጭ ያነሰች
ጊደሬን በላች።

ገበያ ነው፤ ቡሬ። ፎቶው ቤት ተሰቅሏል፤
ልጆቼ መስኮት ላይ «ያባባ ራስ» ይሉታል።
አንዲት ሴት በቆሎዋን ከአህያ አወረደች።
እጆቼን ኪሴ ከተትሁ።
መርፌው ራሱ ወጣ፣ ራሱ ረጋ።
ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ ነጋዴ፤
«ምነው ልየው፣ ዛሬም ያዞርሃል እንዴ?»