አሥራ አራት ከሁለት

ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች ዲኤክሷ፤
ሦስት ቀለም ለብሳለች፣ አራተኛው ዝገት፣ እሱ ነው የራሷ።
አንድ ማለዳ ቁልፏን ባዞር «ጢቅ» አለች፤ ከዚያ ዝም።
ደሴ እንደሁ ጠዋት ጉም ነው፤ የሚገፋ ሰው እንኳ አይታይም።
«ባትሪ ነው» አለ ጎረቤት። «ባትሪ ነው» አለ ባለሱቅ።
ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ካለ ለማመን ምን ያስጨንቅ።

እህቴ ጀማነሽ እቁብ ወጥቶላት ነበረ፤
ጣራዋን ልታድስበት። ለባትሪ ዋለ፣ ጣራው ቀረ።
አሥራ ሰባት ቀን ሠራ።
ደግሞ «ጢቅ»።
ደግሞ ሄድኩ። የመቀነቷን ቋጠሮ
ስትፈታ ቀና ብዬ አየሁ፤ ያንኑ ቆርቆሮ።

የሐረጎን ቁልቁለት በማታ የወረደ ያውቃል፤
መንገዱ እፊትህ ቆይቶ ድንገት ገደል ስር ይደበቃል።
መጀመሪያ ሬዲዮኑ ታመመ፤ ድምፁ ወደ ሆዱ ገባ።
ቀጥሎ መብራቴ ቢጫ ሆነ፣ እንደ ኑግ አበባ።
ቢጫው ወደ ቀይ ወረደ፤ ቀዩ ወደ ትዝታ።
ከወልድያ የመጣ ተሳቢ ከኋላዬ ነበር፤ ገባው፤
ጥሩምባ አልነፋም። ዝግ ብሎ ተከተለኝ፤
በውሰት ብርሃን ኮምቦልቻ ገባሁ ያን ማታ።

የጦይብ ጋራዥ ከቦርከና ማዶ አንድ ግራር ነው፤
ቅርንጫፉ ላይ ያረጀ ቺንጋ ተሰቅሏል፣ እባብ ይመስላል ለሚያየው።
«ስንት ባትሪ ገዛህ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።
«ሁለት።»
«እዚህ የሚመጣ ሁሉ ሁለት ነው የሚለኝ።»

መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴስተሩን ባትሪዬ ላይ አስነከሰ።
«አሥራ አንድ ከስምንት። አስነሳት።» ልጆች ገፉ፤ ተነሳች።
«ነዳጅ ስጣት።» ጮኸች፤ ቁጥሯ ግን እዚያው ተኛች።
ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ «ይሄ ጤነኛ ነው» አለ።
ፊውዙን ነቅሎ ወደ ፀሐይ ያዘው፤ አልተቃጠለ።
ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ዲናሞው ላይ አስደግፎ
እጀታውን ጆሮው ላይ ጣደ፣ ትንፋሹን ቆልፎ።
«ኩሽኔታው ያለቅሳል። ካርቦኑም አልቋል። ና ስማ።»
ሰማሁ፤ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፣ እውስጡ፣ በጨለማ።

«ባትሪ ምን አጠፋ?» አለ፣ ኔጋቲቩን እየፈታ፤
«ለመብራት ይሰጣል፣ ለካንዴላ ይሰጣል፣ ጠዋት ማታ።
መልሶ የሚሞላው ከሌለ አዲሱም ያልቃል።
ሰጪ መቼም ያልቃል።
እናንተ ደግሞ ‹ሰነፈ› ትሉታላችሁ!»
አልመለስኩም። የፈታውን ቡሎን በቆርቆሮ ክዳን ይዤ ቆምኩ።

ከተጋጨ ዲኤክስ የወጣ ዲናሞ ከጆንያ ፈታ።
ዋጋ ተከራከርን፤ ሁለታችንም ደከመን።
«ቀሪውን ነገ» ልል አፌን ከፈትኩ፤
የነገው ገንዘብ ከማን መቀነት እንደሚወጣ አውቃለሁ።
ሬዲዮኔን ከነሽቦው ነቅዬ ጉልበቱ ላይ አኖርኩ።

ቺንጋውን በብረት ወጠረው፤ «ከላላ ይንሸራተታል፣
ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል» እያለ፣ ለራሱ ይሁን ለኔ እንጃ።
ቴስተሩን መለሰ። ቁልፍ አዞርኩ። ሁለታችንም ዝም።
አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት ተኩል።
አሥራ አራት ከሁለት። ቆየን። አልወረደም።

ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አበራሁ፣
እንዲሁ።
ጀማነሽ በሯ ላይ ናት። ጦሳ ላይ ደመና ቆሟል።
«ተሠራች? ስንት ሆነ?»
«አሥራ አራት ከሁለት።»
እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ፤ ሺህ መስሏት ነው።
«ብር አይደለም» አልኳት። «ተይው፣ ብር አይደለም።»
እጇ ግን ቋጠሮው ላይ ቆየ፣ ልማድ ነውና፣ አላመነም።

«መሰላል አለሽ?» አልኳት።