ሆድ ሲያውቅ

ሃያ ዓመት ከጣና ዳር፣ ቢላ ከእጄ ሳይለይ፣
የቆሮሶ፣ የአምባዛ ሆድ ስሰነጥቅ፣ ውስጡን ሳይ፣
ሣር የጋጠውን፣ ደለል የዋጠውን፣ ትል ያደረበትን
በአውራ ጣቴ ዳብሼ አነባለሁ አንጀቱን።
የራሴን ግን ማን ያንብበው?
ከእንብርቴ በላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዝዘው።

«ትል ነው» አሉኝ መጀመሪያ። ይሁን፤ የሐይቅ ሰው ነኝ እኔም፣
እግሬ ከውሃ ወጥቶ ደርቆ አያውቅም።
የሰገራ ዕቃ ይዤ ሽምብጥ ክሊኒክ ተመላለስኩ፣
አልቤንዳዞል ዋጥኩ፣ ፕራዚኳንቴል ዋጥኩ፣
በሦስተኛው ዓመት ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ
«ዓይን ነው» አለች፣ «አሳሽ ሲሸጥ ያየ፣ የቀናብሽ።»

«መቼ ነው የሚሻልሽ?» አለች ዶክተር የዝባለም፤
«መቼ ያምሻል?» እንጂ እንዲህ የጠየቀኝ የለም።
«ሁዳዴ ሲገባ» አልኳት፣ መመጻደቅ እንዳይመስል አፍሬ፤
«ፋሲካን በፈታሁ ማግስት ግን አድራለሁ ወገቤን አስሬ።»
አልሳቀችም። ጻፈች።

በአፌ ቱቦ ገባ፣ ጫፉ ላይ ዓይንና መብራት ያለው፤
እንባዬ በጆሮዬ ወረደ፤ የአንጀቴን ግድግዳ አየው፣
ከዚህም ከዚያም ቆነጠረ፣ ሰሊጥ የምታክል ሥጋ፤
ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ሲመሽና ሲነጋ።

ትል የለም። የትል ዘበኞች ግን ሞልተዋል፣
በቀለም ሲነከሩ ፍም መስለው፣ ከአንጀቴ ሽፋን ሰፍረዋል።
ስማቸው ኢዮሲኖፊል። «ሌባ ያጣ ዘበኛ
ዱላውን ይዞ አይተኛ፤
የመጣውን እንግዳ ይደበድባል» አለችኝ። «የአንቺ እንግዳ ምግብ ነው፤
የትኛው እንደሆነ ደምሽ አይነግረንም፣ ሆድሽን ነው የምንጠይቀው።»

ስድስት ነገር ተከለከልኩ፤ ወተት፣ ስንዴ፣ እንቁላል፣
አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ አሳ። «አሳም?» አልኩ። እጄ አሳ አሳ ይሸታል።
ስድስት ሳምንት ሙሉ የማልቀምሰውን ጠበስኩ፣
በልጄ ደብተር ጀርባ የበላሁትን ጻፍኩ፦
ማክሰኞ፣ ሽሮና ጎመን። ሕመም የለም።
ረቡዕ፣ ድንች። የለም።
ሐሙስ፣ የለም። ደግሜ ጻፍኩት፣ ደስ ስላለኝ ብቻ፣ የለም።

ከዚያ አንድ በአንድ መለስን። ከሁሉ የፈራሁት አሳ፤
እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆሮሶ ጎረስኩ፤ ሆዴ ምንም አላነሳ።
ስንዴም አለፈ። እንቁላልም። ወተት በገባ በአራተኛው ሌሊት
ያ የማውቀው ጠምዛዥ መጣ፣ ሳያንኳኳ፣ እንደ ጥንት ጎረቤት።
ለካስ ጾሙ ሲነግረኝ ኖሯል። እኔ «ጽድቄ ነው» ስል፣
እሱ «ቅቤው ነው፣ አንቺ ሴት፣ ቅቤው ነው» ሲል።

ዘንድሮ የፋሲካ ዶሮዬን በዘይት ሠራሁ።
ማንጠግቦሽ ቀመሰች፣ ዝም አለች፤ ፊቷን አየሁ።

ዛሬ ጠዋት፣ እምቦጩ ዳር፣ አንድ አምባዛ ከፈትኩ፤
ጨጓራው ባዶ፣ ንጹሕ፣ አንድ ነገር አጣሁበት፤
«አንተስ» አልኩት፣ «ምን ተከለከልክ?»